ቀሚስ የለበሰው ተዋናይ

«ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» የምትለዋን ሰላምታ ሳይሰማ ያደገ የከተማ ልጅ በአንድ ወቅት አልነበረም ማለት ይቻላል። አባባ ተስፋዬ፣ በሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆች ክፍለ ጊዜ ከ40 ዓመት በላይ ተረት አውርተዋል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ብዙ ሰው ያዘነው የገዛ አያቱን እንደ ቀበረ ሆኖ ነው። ስለ እሳቸው ሲወራ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ታልፋ የምትቀር ምዕራፍ አለች። በወጣትነታቸው፣ የቲያትር ሰው ሳሉ፣ የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን ተዋናይት ከየት ይምጣ? ድርሰቱ ውስጥ ግን እናትም፣ ሚስትም፣ ሙሽራም አለች። ቀሚሱን አንድ ሰው መልበስ ነበረበት።

እንዲህ ያለውን ቲያትር የሚያይ ሰው ከቀሚሱ ውስጥ ያለው ወንድ መሆኑን ያውቃል። እያወቀ ይስቃል፤ እያወቀ ያዝናል። መጋረጃው ሲዘጋም ተታለልኩ ብሎ ገንዘቡን አይጠይቅም።

ይህን ማስታወሴ «ድራግ» ስለሚባለው የመድረክ ትርዒት ለመጻፍ ነው። ቃሉ ባለፉት ዓመታት በማኅበራዊ ሚዲያና በውጭ ዜና በኩል ጆሯችን ደርሷል፤ ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ጭቅጭቅ አስከትሎ ነው። አንዱ ወገን የዘመን ብልሽት ምልክት ያደርገዋል፣ ሌላው የነጻነት ሰንደቅ ያደርገዋል። በመሐል መድረኩን የሚያይ ይጠፋል። በቀላል ቋንቋ ድራግ ማለት ተዋናይ በልብስ፣ በሜካፕ፣ በአረማመድ፣ በቀልድና በዘፈን አንድን ጾታ፣ ብዙ ጊዜም የራሱ ያልሆነውን፣ አጋኖ የሚፈጥርበት ትርዒት ነው። ወደድነውም ጠላነው እንደ ጥበብ ሊመዘን ይገባዋል። ለመመዘን ደግሞ ማወቅ ይቀድማል፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።)

እገዳ የወለደው ሙያ

የመጀመሪያው ስህተት ነገሩን ትናንት ከምዕራብ የመጣ አድርጎ ማሰብ ነው። ጃፓንን እንመልከት። ካቡኪ የተባለውን ቲያትር የጀመረችው ኢዙሞ ኖ ኦኩኒ የምትባል ሴት ናት፤ ጊዜው 1603 ገደማ፣ ቦታው ኪዮቶ። መንግሥት በ1629 ሴቶችን ከመድረክ አገደ። በእነሱ ቦታ የገቡት ለጋ ወጣቶችም በ1652 ታገዱ። የቀሩት ጎልማሳ ወንዶች ነበሩና ከእነሱ መካከል የሴት ሚና ብቻ የሚጫወቱ፣ ኦናጋታ የሚባሉ ባለሙያዎች ወጡ።

ኦናጋታ መሆን ኪሞኖ መልበስ ብቻ አይደለም። ሰልጣኙ ትከሻው ጠብቦ እንዲታይ የትከሻውን አጥንቶች ወደ ኋላና ወደ ታች ይስባል። እጁ ትንሽ እንዲመስል ጣቶቹን ወደ እጅጌው ይሰበስባል። አረማመድ ሲለማመድ በጉልበቶቹ መካከል ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ ወረቀቱ ከወደቀ እርምጃው ተበላሽቷል። ከ1673 እስከ 1729 የኖረው ስመ ጥሩ ኦናጋታ ዮሺዛዋ አያሜ ለተተኪዎቹ የተወው ምክር ከመድረክ ውጭ ባለው ኑሯቸው ሳይቀር ሚናውን እንዲኖሩት የሚያዝ ነበር። ይህ ሙያ ዛሬም አለ። ባንዶ ታማሳቡሮ አምስተኛው የተባለው ኦናጋታ በ2012 በአገሩ «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ተብሎ ተሰይሟል፤ ካቡኪም በ2008 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ቻይና ስንሻገር ሜይ ላንፋንግን እናገኛለን። በ1894 ተወልዶ በ1961 ያረፈው ይህ የቤጂንግ ኦፔራ ተዋናይ የታወቀው በሴት ሚናዎቹ ነው። በ1930 አሜሪካን፣ በ1935 ሞስኮን ዞሮ አሳይቷል። ሞስኮ ላይ ካዩት መካከል ጀርመናዊው ጸሐፌ ተውኔት ቤርቶልት ብሬሽት ይገኝበታል። ተዋናዩ ከሚጫወተው ሰው በመጠኑ ርቆ መቆም እንዳለበት ብሬሽት ላቀረበው ሐሳብ የቻይናው ትርዒት አንዱ መነሻ ሆኖለታል። የዘመኑን የአውሮፓ ቲያትር ከለወጡ ሐሳቦች በአንዱ ውስጥ ሴት የሚጫወት ወንድ አለበት ማለት ነው።

ስለ ሜይ ላንፋንግ ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ጃፓን ቻይናን በወረረች ጊዜ ለወራሪዎቹ ላለመጫወት ጢሙን አሳደገ። የሴት ሚና ተጫዋች ጢም ካሳደገ መድረክ መውጣት አይችልም፤ ሌላ ሰበብ መደርደር አላስፈለገውም። ጦርነቱ ሲያበቃ ጢሙን ተላጭቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጢሙና ቀሚሱ የአንድ ሰው ነበሩ።

እንግሊዝም ከዚህ አልራቀችም። ጁልየት፣ ዴዝዴሞናና ሌዲ ማክቤዝ በሼክስፒር ዘመን የተጫወቱት በወንድ ልጆች ነው። በሙያው ተዋናይ የሆነች ሴት በእንግሊዝ የሕዝብ መድረክ ላይ መጀመሪያ የታየችው ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ዙፋኑን ባስመለሰበት በ1660 ነው። በዚያው ሰሞን ኤድዋርድ ኪናስተን የሚባል ወጣት የሴት ሚና ይጫወት ነበር። የዕለት ማስታወሻው ዝነኛ የሆነው ሳሙኤል ፒፕስ ኪናስተንን አይቶ በውበቱ ተደንቋል። በ1661 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በአንድ ተውኔት ውስጥ ድኻ ሴትም፣ ወይዘሮም፣ ወንድም ሆኖ ሲጫወት አይቶ ሦስቱንም አወድሷል።

እገዳው ሲነሳ የቀረው

ከእነዚህ ታሪኮች ጀርባ አንድ የማይካድ ሐቅ አለ። ወንዶቹ የሴት ቀሚስ የለበሱት ሴቶቹ ስለተከለከሉ ነው። የሙያው ውበት በሴቶች መባረር ላይ የተገነባ ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ ሲመለሱ ሙያው መጥፋት ነበረበት። ኪናስተንም የወንድ ሚና ወደ መጫወት ዞሯል፤ በእኛም አገር ተዋናይቶች መድረኩን ሲረከቡ ወንድ የሴት ሚና መሸፈኑ ቀርቷል።

ግን ሁሉም አልጠፋም። ጃፓን ውስጥ እገዳው ከተነሳ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም ኦናጋታ በጥበቡ ተወዶ ቀጥሏል። በእንግሊዝ ደግሞ ሙያው ወደ ሳቅ ዞረ። ገና ሲመጣ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱበት ፓንቶማይም የሚባል ትርዒት አለ። እዚያ ወንድ ኮሜዲያን «ዴም» የምትባለውን ተናጋሪ አሮጊት ይጫወታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለንደን በሚገኘው ድሩሪ ሌን ቲያትር ዳን ሌኖ በዚህ ሚና አገር ያሳቀ ሰው ነበር። ዴሟ ቆንጆ ልምሰል አትልም፤ ድምፅዋ ጎርናና፣ ጫማዋ ትልቅ ነው፤ ልጆቹም የሚስቁት ወንድ መሆኑን ስለሚያውቁ ነው።

እንግዲህ ድራግ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ወንድ ሴትን መጫወት ግዴታ መሆኑ ሲያበቃ፣ ምርጫ ሲሆን። ቃሉ ራሱ ወደ ሕትመት የመጣው በ1870 ገደማ ሲሆን፣ መነሻው በመድረክ ወለል ላይ የሚጎተተው ረጅም ቀሚስ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ሼክስፒር በተውኔቶቹ ኅዳግ ላይ የጻፈው ምሕጻረ ቃል ነው እየተባለ የሚወራው ተረት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ምርጫ በሁለት መንገድ ሄዷል። አንዱ የትልልቅ ቲያትሮች መንገድ ነው። ጁሊያን ኤልቲንጅ (1881–1941) የሴት ሚና በመጫወት በዘመኑ ከፍተኛ ክፍያ ከሚያገኙ ተዋንያን አንዱ ሆኗል። ለሴቶች የውበት ምክር የሚሰጥ መጽሔት በስሙ ታትሟል። በ1912 በኒውዮርክ 42ኛ ጎዳና በስሙ የተሰየመ ቲያትር ተከፍቶለታል። ሕንጻው ዛሬም አለ፤ በ1998 ከነግድግዳው ተጎትቶ በዚያው ጎዳና ላይ ቦታ ቀይሮ አሁን የሲኒማ ቤት መግቢያ ሆኗል።

ሁለተኛው መንገድ የጓዳ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት የተወለደው ዊልያም ዶርሲ ስዋን በ1880ዎቹ በዋሽንግተን ከተማ አብዛኞቹ እንደ እሱ ከባርነት የወጡ ጥቁር ወንዶች የሐርና የሳቲን ቀሚስ ለብሰው የሚጨፍሩባቸውን የምሽት ግብዣዎች ያዘጋጅ ነበር። ፖሊስ በ1888 ወርሮ አሰረው። በ1896 አሥር ወር ሲፈረድበት ለፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ የይቅርታ ማመልከቻ አስገባ፤ ተቀባይነት አላገኘም። በአንድ አገር፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ፣ ለአንዱ ቀሚስ ቲያትር ተሠራለት፤ ሌላው በቀሚሱ ወኅኒ ወረደ።

ዛሬ ድራግ የምንለው ትርዒት በዋናነት የበቀለው ከዚህ ከሁለተኛው መንገድ ነው፤ በአሜሪካ ከተሞች የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች በሚሰባሰቡባቸው የምሽት ክበቦችና ግብዣዎች። ይህን መሸሸግ ታሪኩን መቁረጥ ነው። ትርዒቱን በዚህ ብቻ መተርጎምም እንዲሁ።

ከመስታወቱ ፊት

አሁን ወደ መልበሻ ክፍሉ እንግባ። ተዋናዩ ከመስታወት ፊት ይቀመጣል። የመጀመሪያው ጠላቱ ቅንድቡ ነው፤ የወንድ ቅንድብ ወፍራምና ወደ ዓይን የቀረበ ነውና። ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ተማሪ ወረቀት የሚያጣብቅበትን ሙጫ ነው። ሙጫውን መጀመሪያ ከጸጉሩ አበቃቀል በተቃራኒ፣ ቀጥሎ ወደ አበቃቀሉ ይቀባል፤ ጸጉሩን ከቆዳው ጋር ያስተኛዋል። ይጠብቃል። ሲደርቅ ደግሞ ይቀባል። ሦስት ዙር ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ፓውደር፣ ከዚያ ፋውንዴሽን፤ ግንባሩ እንደ ብራና ልሙጥ ይሆናል። በዚህ ባዶ ብራና ላይ ከእውነተኛው ከፍ ያለ አዲስ ቅንድብ ይሳላል።

ጥቁር ቀለም አጥንትን ያስገባል፣ ነጣ ያለው ያወጣል። በዚህ ስሌት መንጋጋው ይጠባል፣ ጉንጩ ከፍ ይላል፣ አፍንጫው ይቀጥናል። ሽፋሽፍቱ ሁለት ሦስት ድርብ ይሆናል፤ ከኋለኛው ወንበር የተቀመጠ ሰውም ማየት አለበትና። ዳሌ የሚሠራው ከስፖንጅ ነው። ተዋናዩ ወፍራም ስፖንጅ ይቆርጣል፣ ጠርዙን በመቀስ እየላገ ያቀጥናል፤ ስፌቱ እንዳይታይም በላዩ ላይ በርካታ ታይት ይደራርባል። ወገቡን ኮርሴት ያስረዋል። በመጨረሻ ዊጉ ይመጣል። ይህ ሁሉ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበላል። ሰውየው ሠዓሊም፣ ልብስ ሰፊም፣ ጸጉር ሠሪም፣ ተዋናይም ነው፤ ዕቃውን የሚሸከምለትም ብዙ ጊዜ የለም።

«መድረክ ላይ ግን የሰው ዘፈን አጫውቶ አፉን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው» የሚል አለ። በፕሌይባክ መሥራት ቀላል የሚመስለው ሞክሮ ላላየ ሰው ነው። ዘፋኟ ትንፋሽ የወሰደችበትን ቅጽበት፣ ድምፅዋ የተንቀጠቀጠበትን ቃል፣ ልትጨርስ ስትል የዘገየችበትን ሰከንድ ማወቅ ይጠይቃል። ጥሩው ተዋናይ በከንፈሩ ቃሉን፣ በዓይኑ ከቃሉ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ሳቁም ዕንባውም የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ነው። በዚያ ላይ በገዛ ድምፃቸው የሚዘፍኑ፣ ቀልድ የሚያወሩ፣ ተመልካቹን በነገር የሚወጉም ብዙ ናቸው።

የምንስታቸው ነገሮች

«ተዋናዩ ሴት መሆን ይፈልጋል» የሚለው ግምት ከሁሉ ይበልጥ የተስፋፋ ነው። አንድ ሰው በኑሮው ራሱን እንደ ሴት ወይም እንደ ወንድ ማየቱ የማንነት ጉዳይ ነው። ድራግ የሥራ ጉዳይ ነው፤ ሰዓት አለው፣ ክፍያ አለው፣ ሲያበቃ ይታጠባል። ሁለቱን በሕይወቱ ያገናኘ ባለሙያ አለ፤ ያላገናኘም አለ። አንትሮፖሎጂስቷ ኤስተር ኒውተን በ1972 ባሳተመችው ጥናት እነዚህን ተዋንያን የመረመረችው ደመወዝ፣ የሙያ እርከንና የእርስ በርስ ሐሜት እንዳለው የሥራ ዓለም አድርጋ ነበር። ተዋናይ ሮቢን ዊልያምስ በ1993 «ሚስስ ዳውትፋየር» ፊልም ላይ አሮጊት ሞግዚት ሆኖ ሲሠራ ስለ ማንነቱ የጠየቀ አልነበረም። ፊልሙም በሜካፕ ኦስካር አግኝቷል።

«ማታለል ነው» የሚለው ሁለተኛው ነው። ቅኔ ያደመጠ አገር ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ኅብረ ቃሉ ሰሙንም ወርቁንም በአንድ ድምፅ ይይዛል፤ ጣዕሙ ያለው ሁለቱን በአንድ ጊዜ በመስማት ነው። ሰሙን ብቻ የሰማ ቅኔው አመለጠው፤ ባለቅኔው ዋሸኝ ብሎ የሚከስ ግን የለም። በድራግም ተመልካቹ ቀሚሱንም ሰውየውንም አንድ ላይ ያያል። ኦናጋታ ስፌቱን ይደብቃል፤ ድራግ ግን ብዙ ጊዜ ሆን ብሎ ስፌቱን ያሳያል።

ሦስተኛው «የወንዶች ብቻ ነው» የሚለው ነው። እንግሊዛዊቷ ቬስታ ቲሊ (1864–1952) ሱፍ ለብሳ ወንድ በመጫወት የዘመኗ ታላቅ ኮከብ ነበረች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆና እየዘፈነች ወጣቶችን ለምልመላ ታነሳሳ ነበር። በአሜሪካም ጁወል ቦክስ ሪቪው በሚባለው ተጓዥ ትርዒት ስቶርሜ ደላርቨሪ ለዓመታት በወንድ ሱፍ መድረኩን መርታለች።

አራተኛው ክርክር በልጆች ዙሪያ ነው፤ በጣም የጦዘውም እሱ ነው። «ድራግ ሁሉ ልቅ ነው» የሚለውም «ድራግ ሁሉ ለማንም ይሆናል» የሚለውም ስቷል። አዝማሪ በእኩለ ሌሊት ምሽት ቤት የሚያወርደው ግጥም በሠርግ ላይ በሽማግሌዎች ፊት ከሚያወርደው ይለያል። ማሲንቆው ያው ነው፤ ቤቱና ሰሚው ግን ሌላ ነው። የምሽት ክበብ ድራግ ለአዋቂ ነው፤ የፓንቶማይም ዴም ደግሞ የልጆች ናት። የአሜሪካዋ ቴነሲ ግዛት በ2023 ያወጣችው ሕግ የአዋቂ ድራግን የመሰለ ትርዒት በሕዝብ ቦታና በልጆች ፊት ገደበ። አንድ የፌዴራል ዳኛ ሕጉን ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ። በ2024 ይግባኝ ሰሚው ችሎት ከሳሹ ወገን ለመክሰስ የሚያበቃ ምክንያት አላሳየም ብሎ ፍርዱን ሻረ። ወላጅ ለልጁ የሚሆነውን መምረጡ ተገቢ ነው፤ የሚመረጠው ግን ትርዒቱን አይቶ ነው።

የሚገባው ትችት

ስህተቶቹን መዘርዘሬ ድራግ አይነካ ለማለት አይደለም። ጠንካራ ትችት አለ፤ የመጣውም ከሴቶች ነው። ወንድ የሴትን ጡት፣ ዳሌና ቅብጠት አጋኖ ለብሶ ገንዘብ ሲሠራ፣ ሴቲቱ በእውነተኛ ገላዋ የምትከፍለውን ዋጋ ወደ ፌዝ አልለወጠውም? የአንዳንድ ቀልዶችን ጭካኔ ላየ ሰው ጥያቄው ከባድ ነው። በሌላ በኩል ፈላስፋዋ ጁዲት በትለር በ1990 ባወጣችው መጽሐፍ ድራግን ምሳሌ አድርጋ፣ «ሴትነት» የምንለው አለባበስና አነጋገር በየዕለቱ የሚሠራና የሚደጋገም መሆኑን ለማሳየት ሞክራለች። በሙጫና በስፖንጅ በሦስት ሰዓት የሚገነባ ነገር ካለ፣ የቀረው ስንቱ የተገነባ ነው ብሎ መጠየቅ ይመጣል።

እኔ የምለካበት ሚዛን አንድ ነው፤ ሳቁ የማን ነው? ይህን ለመፈተን ዋሽንግተን መሄድ አያስፈልግም። ነጠላ አጣፍቶ፣ ሻሽ አስሮ እናቱን የሚሆን ኮሜዲያን በየስልካችን ላይ አለ። አንዱ የእናትን ስስት፣ ስጋት፣ «በልተሃል?» እያሉ መጨነቅ ሲያሳየን፣ እየሳቅን እናታችን ትናፍቀናለች። ሌላው ደግሞ ሴት ማለት ሐሜተኛ፣ ገንዘብ ወዳድ ናት ብሎ ያሾፍና ያልፋል። ሻሹ አንድ ነው። የመጀመሪያው ሰውን አይቷል፤ ሁለተኛው አላየም።

ቴሌቪዥንም የራሱን ጉዳት አድርሷል። ከ2009 ጀምሮ የሚተላለፈው፣ ሩፖል የሚባል የድራግ ተዋናይ የሚያዘጋጀው ውድድር ሙያውን ለዓለም አስተዋውቋል፤ አዘጋጁም በተደጋጋሚ ኤሚ ተሸልሟል። ነገር ግን ብዙ ሰው ድራግ ማለት ውድ ልብስና ፈጣን ስድብ ብቻ እንዲመስለው አድርጓል። የትንሹ ክበብ ተዋናይ፣ በአንድ ዊግና በአንድ ጥሩ ቀልድ ቤቱን የሚይዘው፣ በዚያ ስክሪን ላይ ቦታው ጠባብ ነው።

ፍርዴን ላስቀምጥ። ድራግ ጥሩ አለው፣ መጥፎ አለው፣ ሰነፍ አለው፣ ሊቅ አለው፤ እንደ ማንኛውም የመድረክ ሙያ። ሳያዩ ማውገዝ ስንፍና ነው፤ ሳያዩ ማወደስም እንዲሁ። አንባቢ ነገሩን ባይወድ መብቱ ነው። ነገር ግን ወንድ ቀሚስ ለብሶ መድረክ ላይ መውጣቱ በራሱ እንግዳ ነገር ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ካጋጠመው፣ ልጅ ሳለ ማን ተረት እንዳወራለት ይጠይቀው።